ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን፤ የጉሮሮ ሕመምን የመለየት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲደርሱ ሐኪሙ ሩፐርት ኪርክ አብሯቸው ነበር። ከ1876 በኋላም ንጉሥ ምኒልክ ለኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር በሰጡት፣ በአንኮበር አቅራቢያ በሚገኘው ሌት ማረፊያ፣ እንደ ሊዮፖልዶ ትራቨርሲ ያሉ ሐኪሞች ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች የተማሩ ቢሆኑም፣ ጉሮሮው የታመመ ልጅ ቢቀርብላቸው ቅላቱንና እብጠቱን ከማየት በቀር መንስኤውን የሚለዩበት መንገድ አልነበራቸውም። በዚህ ረገድ ከአገሬው እንጥል ቆራጭ አይሻሉም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ የቆራጩ ምላጭ ግን የደም መፍሰስንና መመርቀዝን ይጨምር ነበር።

የጉሮሮው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይሽራል። አደጋው በቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የመጣ እንደሆነ ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ተከትሎ የልብን በሮች ሊያበላሽ ይችላል። ሬቤካ ላንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ተሕዋስያኑን በሕዋስ ግድግዳቸው ባለው የካርቦሃይድሬት ውሁድ በቡድን ከፋፈለቻቸው። ከ1949 ጀምሮ በአሜሪካ የዋዮሚንግ የጦር ሰፈር የተደረገው ጥናት ደግሞ ፔኒሲሊን የሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አስረዳ። ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ከተጀመረ ይጠቅማል።

በ1980ዎቹ የተስፋፋው ፈጣን ምርመራ በላንስፊልድ ግኝት ላይ የቆመ ነው። ከቶንሲል በጥጥ የተወሰደው ናሙና በኬሚካል ታሽቶ ውሁዱ ይወጣል፤ በወረቀቱ ላይ ካለው ፀረ እንግዳ አካል ጋር ሲገናኝ መስመር ይታያል። ጊዜው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። የካልቸር ውጤት ግን ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ይፈልጋል። ከአንኮበር ዳገት ልጇን አዝላ ደብረ ብርሃን ለመጣች እናት «ከነገ ወዲያ ተመለሺ» ማለት ብዙ ጊዜ «አትምጪ» ከማለት አይለይም።

ይሁንና ወረቀቱን ማምለክ አይገባም። በ2016 የታተመ የሕፃናት ጥናቶች ግምገማ ምርመራው ከ100 በሽተኞች 86 ያህሉን እንደሚያገኝ፣ ከ100 ነፃ ልጆችም 95ቱን በትክክል እንደሚለይ አሳይቷል። ተሕዋሲውን ተሸክሞ በሌላ ምክንያት የታመመውን ልጅ ግን ለይቶ አይነግርም። የሩማቲክ የልብ ሕመም በበዛበትና ካልቸር በሌለበት ጤና ጣቢያ፣ ምልክቱ ጎልቶ እያለ ወረቀቱ ነፃ ነው ስላለ ብቻ ፔኒሲሊን መከልከል ድፍረት ነው። በአንጻሩ ከሕፃናት የጉሮሮ ሕመም ከ20 እስከ 30 በመቶ ብቻ በዚህ ተሕዋሲ የሚመጣ በመሆኑ፣ ለሁሉም መርፌ መውጋትም ልክ አይደለም።

መመርመሪያው መብራት አይሻም። አብዛኛው ዓይነት ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ ለደብረ ብርሃን መጋዘን ሙቀት አያሳስብም፣ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው ሲወረድ ግን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል።