የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ የተፈጥሮ ገጽታ፦ ከተማውና ገጠሩ ትናንትና ዛሬ

ከአዲስ አበባ (ፊንፊኔ) በጅማ መንገድ የወጣ መንገደኛ ሰበታን፣ በአምቦ መንገድ የወጣ ቡራዩን፣ የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ በጎጃም መንገድ የወጣ ደግሞ ሱሉልታን ያገኛል። ሦስቱም በኦሮሚያ ክልል የሚገኙ ጎረቤታሞች ናቸው። ይሁን እንጂ በአንድ አካባቢ እንኳ የከተማውና የገጠሩ መልክ እጅግ ይለያያል። በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ፋብሪካ፣ መጋዘንና የብሎኬት አጥር ተደርድሯል። ከአስፋልቱ ፈቀቅ ሲባል ደግሞ የጤፍ ማሳ፣ የሣር ሜዳና በደን የተሸፈነ ተራራ ይታያል።

ይህ ልዩነት ተፈጥሮ ብቻ ያመጣው አይደለም። ዋና ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም ጀምሮ እንጨት ስትፈልግ ተራራው፣ ውኃ ስትፈልግ ሸለቆው፣ ወተት ስትፈልግ ሜዳው ለፍላጎቷ ሲያገለግል ኖሯል። በመሆኑም የሦስቱን ከተሞች ገጽታ ማነጻጸር አርሶ አደሩ ለከተማው ምን ሲሰጥ እንደኖረ፣ ምንስ እንደቀረው መመርመር ማለት ነው።

ሰበታ፦ ደኑና የአዋሽ ሜዳ

ከሰበታ በስተ ሰሜን ምዕራብ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ከፍታ አለው። በተራራው ምዕራባዊ ጎን የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በአገራችን በሰው እጅ እንደለሙ ከሚነገርላቸው ደኖች ቀደምቱ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ መሠረት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውበታል። ዛሬም ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው በዚያ ይታያሉ። የምኒልክ ድኩላም ይኖርበታል።

የእንጦጦ ዕጣ ግን የተለየ ነበር። ከተማዋ እንደተቆረቆረች በዙሪያዋ የነበረው የአገር በቀል ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ አለቀ። የእንጨት ችግሩ ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ካጸኑት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓ.ም ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት ጉቶ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥና በጥቂት ዓመታት ለማገዶ ስለሚደርስ በእንጦጦ፣ በቡራዩና በሰበታ ዳገቶች ሁሉ ተስፋፋ። ለብዙ አባወራም የገቢ ምንጭ ሆነ። ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ በደንብ አይበቅልም። በምንጭ ዳር ሲተከልም ውኃውን ይሻማል። ሁለቱም ኮረብቶች ከሩቅ ሲታዩ አረንጓዴ ናቸው፤ በክረምት ከሁለቱ ሥር የሚወርደው ውኃ ግን አንድ አይደለም። ጽዱ ካለበት ጠረፍ ጠረፍ እያለ ጠርቶ ሲወርድ፣ ሥሩ ከተራቆተው ዳገት አፈር ይዞ ይወርዳል።

ከተራራው ሥር የሚፈልቀው ውኃ ሰበታን የፋብሪካ ከተማ ለማድረግ ረድቷል። የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ በ1950ዎቹ ዓ.ም በዚህ መቋቋሙ የሚታወስ ነው። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኢትዮጵያ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻም በሰበታ አቅጣጫ ነው። በአንጻሩ ወደ ደቡብና ምዕራብ ወጣ ሲባል የአዋሽ ሜዳ ይዘረጋል። በጥቁር መረሬ አፈሩ ላይ ጤፍ፣ ሽምብራና ጓያ ይመረታል። አዋሽ ሞልቶ በሚተኛበት በተፍኪ አካባቢ ከባሕር ማዶ የሚመጡ ወፎች በበጋ ይሰፍራሉ። ከተማው ከላይ፣ ሜዳው ከታች በመሆኑ ፋብሪካ ያላጣራው ፍሳሽ በወንዙ ወርዶ የሚደርሰው ገበሬው ከብት ወደሚያጠጣበት መልካ ነው።

ቡራዩ፦ የገፈርሳ ውኃ

ቡራዩን ስንመለከት የገጽታዋ እምብርት የገፈርሳ ግድብ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ የተሠራው ይህ ግድብ፣ የለገዳዲ ግድብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እስኪደርስ ድረስ የአዲስ አበባ ዋነኛ የውኃ ምንጭ ነበር። በውኃው ዳር ባለው ሣር ላይ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች በቀር በዓለም የማይገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ሲግጥ ይታያል።

በዚህ ስፍራ ከተማና ገጠር ተነካክተዋል ማለት ይቻላል። በአንድ ወገን ዳገቱን ይዞ እስከ ላይ የወጣ የመኖሪያ ሠፈር አለ፤ በሌላው ወገን የገብስና የስንዴ ማሳ አለ። ባለፉት ሃያ ዓመታት የቤት ኪራይ ውድነት የገፋው ብዙ የዋና ከተማዋ ነዋሪ ወደ ቡራዩ ገብቷል። ቤቱ ሲበዛ ዝናቡ ወደ መሬት የሚሰርግበት ቦታ ይጠባል፤ ጎርፉም ጉልበት ያገኛል። የግድቡ ዕድሜም የሚለካው በግንቡ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ከዳገቱ ታጥቦ በሚገባው ደለል መጠን ጭምር ነው። ስለሆነም በላይኛው ተፋሰስ እርከን የሠራ ገበሬ ለከተማው ውኃ እንደጠበቀ ይቆጠራል።

ሱሉልታ፦ የሣር አገር

እንጦጦ ውኃ የሚከፍል ሸንተረር ነው። በደቡብ ጎኑ የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በሰሜን ጎኑ በሱሉልታ ላይ የወረደው ሙገርን ተከትሎ ከዓባይ ይቀላቀላል።

የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል። በመስከረም በአደይ አበባ ይደምቃል፤ ቀጥሎ የአጨዳ ጊዜ ይመጣል። ከዚህ የሚታጨደው ድርቆሽ የአዲስ አበባን የወተት ላሞች ሲቀልብ ኖሯል። አርሶ አደሩ እንደሚያውቀው ሣሩ ማበብ ሲጀምር ታጭዶ፣ በደንብ ደርቆ ከዝናብ የተከለለ ድርቆሽ ወተት ይሰጣል። ዘር አፍርቶ የደረቀው ግን ሆድ ይሞላ እንጂ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ከፍታውና ንጹሕ አየሩ ደግሞ የሩጫ አትሌቶችን ስቧል። ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው የመሮጫ መም የሚገኘው በሱሉልታ ነው።

ዛሬ በጎጃም መንገድ ዳር የአበባ እርሻ፣ ፋብሪካና መጋዘን ሜዳውን ከፋፍለውታል። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለማያውቀው ሰው ባዶ ቦታ ይመስላል። ዳሩ ግን ሜዳው የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቅ ነው። አፈር ተደፍቶበት ሲገነባበት ውኃው ወደ ጎረቤት ማሳና ወደ ራሱ ወደ ሕንፃው ይገባል።

የወሰንና የይዞታ ለውጥ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ መሬትን የሕዝብ አደረገ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ መሬቱ በከተማ መስፋፋትና በኢንቨስትመንት ምክንያት ከአርሶ አደሩ እጅ በብዛት መውጣት ጀመረ። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ለዘለቄታው የተነሣ አርሶ አደር የአምስት ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ብዜቱን ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። የሁለቱም ስሌት ያረፈው ከማሳው በተገኘው ገቢ ላይ ነው፤ ሜዳው ጎርፍ ማቆሙ፣ ዳገቱ ምንጭ መመገቡ በዚህ ሒሳብ አልገባም።

ሦስቱ ከተሞች በ2000 ዓ.ም በተቋቋመው የፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ነበሩ። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን በአንድነት ለማልማት የወጣው ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም ጀምሮ ከባድ ተቃውሞ አስነሥቶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም መሰረዙ ተገለጸ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ተጠቃለው የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። ትናንት ገጠር ተብሎ ይጠራ የነበረ ማሳ ስሙ እንጂ አፈሩ አልተለወጠም።

ከአባላትና ከአመራሩ ምን ይጠበቃል?

አበው «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ» ይላሉ። ሜዳውም በአንድ ቀን አልተወሰደም፤ በትንሽ በትንሹ እንጂ። የከተማ ዕድገትን ማስቆም አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። ሆኖም ሊነኩ የማይገባቸውን ቦታዎች አስቀድሞ መለየት ይቻላል።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በየቀበሌያቸው ምንጮችን፣ የወንዝ ዳርቻዎችን፣ ውኃ የሚተኛባቸውን የሣር ሜዳዎችና ተዳፋት መሬቶችን ቆጥረው ቢያስመዘግቡ ለአስተዳደሩ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ መነሻ ይሆናል። ባሕር ዛፍ ከምንጭና ከማሳ ዳር ርቆ ቢተከል፣ በምትኩ ኮሶ፣ ጽድና ቀርከሃ ቢለማ ጥቅሙ ይታያል። ድርቆሽና ወተት በማኅበር ተሰብስበው ሲሸጡ ደግሞ አባሉ ከሜዳው የተሻለ ገቢ ያገኛል። ገቢ የሚያስገኝ ሜዳ ጠበቃ አያጣም። የአመራሩም ድርሻ ቦታ ከመስጠቱ በፊት ክረምት በገባ ጊዜ ሜዳውን ሄዶ ማየት ነው፤ ውኃው የሚያርፍበትን ቦታ በዚያን ጊዜ ራሱ ያሳያል።

አዲስ አበባ በ2013 ዓ.ም በተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ነዋሪዋ ከዛፍ ሥር እንዲያርፍ ቦታ አዘጋጅታለች። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ግን ደኑን፣ ውኃውንና ሣሩን ገና በእጃቸው ይዘዋል። ያለውን መጠበቅ የጠፋውን እንደገና ከማልማት ይቀላል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።