ማክሰኞና ቅዳሜ፦ ካይሮ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ የጻፉት ሽማግሌ

አዲሱ ገበያ ቆሞ የፒያሳ ወይም የሱሉልታ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው የሚያነበው አያጣም። አንዱ ሚኒባስ የኋላ መስታወቱ ላይ «መዝሙር 90» የሚል ለጥፏል፤ ሌላው ከሹፌሩ ራስ በላይ በእግዚአብሔር ስለ መታመን የሚናገር ጥቅስ አንጠልጥሏል፤ ከተሰለፈው ሰው መካከልም ማለዳ በቴሌግራም የደረሰውን የዕለት ቃል ለዘመድ ወዳጅ የሚያስተላልፍ አይጠፋም። ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ይህን ያደርጋል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ምናልባት በቁጥሩ ላይ ነው፤ አንዱ 90 የሚለውን መዝሙር ሌላው 91 ይለዋል።

ይህ ሁሉ የሚነበበው በአማርኛ ነው። የአማርኛ ወንጌል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት የወጣው በ1824 ስለሆነ (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) እነሆ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። አዘጋጁ በዕለታዊ ንባብና በእምነት ዙሪያ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ሲጠይቀኝ የመጡልኝ ስሞች የታወቁት ናቸው፦ ጎባት፣ ክራፕፍ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። ልቤ ያረፈው ግን ከእነዚህ ሁሉ በቀደሙት፣ ስማቸው እንኳ በሁለት መልክ ተጽፎ በቀረው ሽማግሌ ላይ ነው።

መነሻውን ባጭሩ ልለፈው። ኢትዮጵያዊ ከአማርኛው ኅትመት በፊትም ያለ ዕለታዊ ንባብ አልኖረም። ዳዊት የሚደግም ሁሉ እንደሚያውቀው መቶ ሃምሳው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት ተደልድሏል፦ ሰኞ እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ መጨረሻው፤ እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። ታክሲው ላይ የተለጠፈው 90ኛው መዝሙር በዚህ ድልድል የሐሙስ ነው ማለት ነው። ንባቡ በግዕዝ ነው፤ ትርጓሜው ግን ከመምህሩ አፍ በአማርኛ ይፈስሳል። በጎንደር ዘመን የጎለመሰው የአንድምታ ትምህርት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ አማርኛ ለመጽሐፍ ቅዱስ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። ያልነበረው፣ አንድ ሰው መምህር ሳይቀመጥለት ብቻውን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው የአማርኛ መጽሐፍ ነው።

ያንን መጽሐፍ የጻፉት ሰው ሥራውን የሠሩት ጎንደር ወይም አንኮበር ተቀምጠው አይደለም፤ ካይሮ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ዣን ሉዊ አስሊን ደ ሸርቪል የሚባል ፈረንሳዊ በካይሮ የአገሩ ቆንስላ ሠራተኛ ነበር። የምሥራቅ ቋንቋዎች ፍቅር ያደረበት፣ የብራና መጻሕፍት ሰብሳቢ ነው። በ1808 ገደማ አንድ በጠና የታመሙ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ አጋጠሙት። አስታመማቸው፤ ዳኑ። አስሊን ስማቸውን አቡ ሩሚ ብሎ መዝግቦታል። ቁጭ ብሎ ሲያነጋግራቸው ያገኘው ከመንገድ ዳር የወደቀ ተራ ስደተኛ ሳይሆን የተማረ፣ ብዙ አገር ያየ ሰው ነበር። ያኔ ነው መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ የመመለስ ሐሳብ የመጣው።

አሠራራቸው ደስ ይለኛል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የአስሊን በር ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል። ሁለቱ ሰዎች የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግተው እያንዳንዱን ቁጥር በዝግታ ያነባሉ። ከበድ ያለ ወይም አጠራጣሪ ቃል ሲመጣ አስሊን ወደ ዕብራይስጡ፣ ወደ ሱርስጡና ወደ ሰባ ሊቃናቱ የግሪክ ትርጉም ሄዶ ይመለከታል፤ ያገኘውን ለሽማግሌው ያስረዳል፤ ሽማግሌው በአማርኛ ይጽፋሉ። ይህ አሥር ዓመት ቆየ። በመጨረሻ የተገኘው ጽሑፍ 9,539 ገጽ ሲሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአቡ ሩሚ የእጅ ጽሕፈት ነው። ስናሰላው በየተቀመጡበት ቀን ወደ ዘጠኝ ገጽ ይደርሳል። ዛሬ «የአንድ ዓመት የንባብ ዕቅድ» ጀምሮ ዘሌዋውያን ላይ የሚቆም ሰው (ብዙዎቻችን ማለቴ ነው) የእነዚህን ሁለት ሰዎች ትዕግሥት ቢያስብ አይከፋም።

ትርጉሙ ለምን ከዐረብኛ ሆነ? አገር ቤት ያለ ደብተራ ቢሆን ከግዕዙ ይጀምር ነበር። ካይሮ ላይ ግን አሠሪና ሠራተኛ እኩል የሚረዱት ቋንቋ ዐረብኛ ነው። ይህ በሥራው ላይ ጥላውን ጥሎበታል፤ በኋላ መጽሐፉ ኢትዮጵያ ሲደርስ አማርኛው ለሊቃውንቱ ጆሮ አልጥም ያለው አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

አሁን ወደሚያከራክረው ነገር ልግባ። አስሊን ስለ አቡ ሩሚ ሲናገር፣ እኚህ ሰው ለስኮትላንዳዊው ተጓዥ ለጄምስ ብሩስም፣ ለታላቁ የቋንቋ ሊቅ ለሰር ዊልያም ጆንስም አስተማሪ ነበሩ ይላል። ነገሩ ሲሰማ ተረት ይመስላል። ብሩስ ኢትዮጵያ የገባው በ1769 ነው፤ ራስ ሚካኤል ስሑል አድራጊ ፈጣሪ በነበሩበት ጊዜ ጎንደር ተቀምጦ በ1771 መጨረሻ ወጣ። ጆንስ ደግሞ ከ1783 ጀምሮ ካልካታ ውስጥ የእንግሊዞች ዳኛ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት የእስያ ማኅበርን መሠረተ፤ በ1794 እዚያው ሞተ። አንድ ኢትዮጵያዊ ከጎንደር ተነሥቶ ካልካታ ገብቶ፣ ተመልሶ ካይሮ ላይ ታሞ መገኘቱን ማን በቀላሉ ያምናል?

ማስረጃው ግን ከአስሊን አፍ ብቻ የወጣ አይደለም። የጆንስ ማኅበር በ1788 ባወጣው የመጽሔቱ አንደኛ ቅጽ ውስጥ አጭር ጽሑፍ አለ። ርእሱ ራሱ ነገሩን ይናገራል፦ ከአብራም ከተባለ ሐበሻ ጋር ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ የተደረገ ውይይት ነው። ጆንስ አንድ ዐረብኛ የሚችል ሐበሻ ካልካታ መኖሩን ሰምቶ አስጠራው፤ ጠየቀው፤ መልሱን መዘገበ። ሰውየው ብሩስን ጎንደር ውስጥ ያውቀው ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ የታተመው ብሩስ የራሱን መጽሐፍ በ1790 ከማውጣቱ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነው። ለንደን ውስጥ ብሩስ ጎንደርን አይቷል አላየም እያሉ ብዙዎች ሲያሽሟጥጡበት በነበረ ጊዜ፣ ሳይጠሩት ከህንድ የመጣለት ምስክር ኢትዮጵያዊ ነበር።

አብራምና አቡ ሩሚ አንድ ሰው ናቸው? የሚጠራጠር ሰው የሚያነሣው ምክንያት አለው። ስሙ አንድ አይደለም። ሐበሾችም በህንድ ብርቅ አልነበሩም፤ በ1626 የሞተው ማሊክ አምባር ከባርነት ተነሥቶ የደካን ጦር አዝማች እስከ መሆን ደርሷል። ሆኖም ያ ሁሉ ሕዝብ በብዛት ተሸጦ የሄደ ነው። ጎንደርን የሚያውቅ፣ ብሩስን ያየ፣ ዐረብኛ የሚናገር፣ በራሱ እግር የሚዞር መንገደኛ፣ ከጆንስም ጋር የተገናኘ ሰው በአንድ ዘመን ሁለት ይኖራል ብሎ ማሰብ ከተረቱ የባሰ ተረት ነው። በአስሊን በኩል የመጣው የሕይወት ታሪክ፣ ሽማግሌው በ28 ዓመታቸው ገደማ ከአገራቸው ወጥተው በካይሮ፣ በኢየሩሳሌም፣ በሶርያ፣ በአርመንና በፋርስ በኩል ህንድ መድረሳቸውን ይናገራል። ልደታቸውን 1750 አካባቢ ካደረግነው ዘመኑ ሳይጎረብጥ ይገጥማል፦ ብሩስ ሲመጣ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ካልካታ ሳሉ አርባ የሚጠጉ፣ አስሊን ሲያገኛቸው ደግሞ ስድሳ የሚቃረቡ ናቸው።

«አስተማሪ» የሚለውን ግን እኔ አሳንሼ ነው የምወስደው። ከጆንስ ጽሑፍ የምናየው ጠያቂና ተጠያቂን እንጂ መምህርና ደቀ መዝሙርን አይደለም። አስሊንም አንድ ትልቅ የእጅ ጽሑፍ ይዞ ገዢ የሚፈልግ ሰው ነበር፤ የብሩስና የጆንስ ስም ደግሞ በእንግሊዝ ገበያ ዋጋ ያወጣል። ነጋዴ ዕቃውን ማመስገኑ ያለ ነው። የሚያሳዝነው፣ በኋላ የተጻፉ ብዙ ገጾች ሽማግሌውን በእነዚህ በሁለቱ ስሞች ብቻ ሲያስታውሷቸው፣ በገዛ እጃቸው የጻፉት ዘጠኝ ሺህ ከምናምን ገጽ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። ብሩስን ባያገኙትም፣ ጆንስን ባያዩትም ሥራው ሥራ ነው።

ያ አሥር ዓመት ለካይሮ ክፉ ዘመን ነበር። በ1811 መሐመድ ዓሊ የማምሉክ አለቆችን ለግብዣ ጠርቶ በከተማይቱ ግንብ ውስጥ አስፈጅቷል። ወረርሽኝ ይመላለሳል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚያልፉ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በዚያው ይመላለሳሉ፤ ጳጳስ ለማስመጣት የሚላከውም መልእክተኛ መንገዱ ያው ነው። በዚህ መካከል ከበሽታ የተነሣ፣ የሰው አገር ሰው የሆነ፣ የሰው ቤት የሚጠጋ ሽማግሌ ስለ መታመን የሚናገሩትን መዝሙሮች እየመዘነ ወደ አፍ መፍቻ ቋንቋው ሲያሻግር ይታየኛል። ሥራው ሲያበቃ አቡ ሩሚ ኢየሩሳሌምን ሊሳለሙ ሄዱ። ተመልሰው ካይሮ ሲገቡ ብዙም አልቆዩም፤ ወረርሽኙ ያዛቸው፤ ሞቱ። ዘመኑ 1819 ነው ይባላል።

የቀረው ታሪክ በፍጥነት ይሄዳል። ዊልያም ጆዌት የተባለ የእንግሊዝ ሚስዮናዊ በሚያዝያ 1820 ጽሑፉን ለእንግሊዝና ለውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት የተባለ የካምብሪጅ ምሁር አዘጋጅቶት ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ። ማኅበሩ በ1820ዎቹ አጋማሽ ከስድሳ ስድስቱ ውጪ ያሉትን መጻሕፍት ላለማተም ወስኖ ስለነበር፣ ሰማንያ አንድ ለሚቆጥር አገር የደረሰው አጠር ያለው መጽሐፍ ነው። ሚስዮናውያኑ ሳሙኤል ጎባትና ክርስቲያን ኩግለር በ1830 ወንጌሎቹን ይዘው ትግራይ ገቡ፤ ጎባት ጎንደር ድረስ ወጣ። ካህናቱ ከነጭ እጅ የመጣውን የአማርኛ መጽሐፍ በጥርጣሬ ማየታቸው አይገርምም፤ ከካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የፈሰሰው ደም ገና አልተረሳም ነበር። በ1870ዎቹ ሌላው ሚስዮናዊ ክራፕፍ ትርጉሙን አርሞ ስዊዘርላንድ ውስጥ አሳተመው። ከዚያ በኋላ በ1954 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ከዕብራይስጡና ከግሪኩ የተዘጋጀው ወጣ፤ ዛሬም በብዙ ቤት ራስጌ ያለው እሱ ነው።

ወደ አዲሱ ገበያ ስንመለስ፣ የዕለት ጥቅስ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ማየት ደስ ይላል፤ ሐዘንተኛ ይጽናናበታል፤ ሥራ ፈላጊ ተስፋ ይሰንቅበታል። ብቻ አንድ ስሌት ሠርቼ ራሴን አሳቅሁ። ስድሳ ስድስቱ መጻሕፍት ውስጥ ወደ 31,100 ቁጥሮች አሉ። በቀን አንድ ጥቅስ እየላከ ሳይዘል ሁሉንም ልጨርስ የሚል ሰው 85 ዓመት ይፈጅበታል። አቡ ሩሚና አስሊን ማክሰኞና ቅዳሜን ብቻ ይዘው፣ በየተቀመጡበት ቀን ሠላሳ ያህል ቁጥር እየገፉ በአሥር ዓመት ዘለቁት፤ የትውልድ ሐረጉን፣ የድንኳኑን ልክና የሕዝብ ቆጠራውን ሳይቀር፤ ማንም ታክሲው ላይ የማይለጥፋቸውን ማለት ነው።