ጭምብል ወይስ የፊት ቁር?

የበረዶ ሆኪ በረኛ ፊቱን የሚከልልበት መሣሪያ ወደ አማርኛ ሲመለስ ቶሎ የሚቀናው ቃል «ጭምብል» ነው። ጭምብል ግን ማንነትን መሰወሪያ ነው፤ የመሣሪያው ታሪክ የሚያሳየው ተግባር ከዚህ የራቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 የሞንትሪያሉ በረኛ ክሊንት ቤኔዲክት ፊቱ ከተጎዳ በኋላ ከቆዳ የተሠራ መከላከያ ለጥቂት ጊዜ አድርጎ ነበር፤ ዕይታውን ስለ ጋረደበት ተወው። ልማዱን የለወጠው ዣክ ፕላንት ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 1959 በኒውዮርክ አንዲ ባትጌት የመታት ጠፍጣፋ ጎማ ፊቱን ሰነጠቀችው። ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ፣ አሠልጣኙ ቀድሞ ይቃወመው የነበረውን የፋይበርግላስ መከላከያ ካላጠለቅሁ አልገባም አለ። ይህ መከላከያ የፊቱ ቅርጽ ተወስዶ በልኩ የተሠራ ነበር። ጭምብል ለማንም ይሆናል፤ ይህ ግን ለባለቤቱ ፊት ብቻ።

ለራስ መከላከያው ቃል መፈለግ አያሻንም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጎልያድ የናስ ቁር ደፍቷል፤ «ራስ ቁር»ም ከዚያው ይገኛል። (ቁር ብርድም መሆኑ ለበረዶ ጨዋታ ያለ ነገር አልገጠመም!) የሰሜን አሜሪካው ሊግ ከ1979 ጀምሮ በአዳዲስ ገቢዎች ላይ ግዴታ ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለሆነም ለበረኛው «የፊት ቁር» ብንል ሁለቱ ቃላት በአንድ ቤት ያድራሉ።

በቀለም ስለሚያጌጥ «ጭምብል» ይሁን የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የቦስተኑ ጄሪ ቺቨርስ ግን በቁሩ ላይ ያሳለው ጎማዋ ያረፈችባቸውን ስፍራዎች ነበር፤ በእያንዳንዱ ላይ የቁስል ስፌት።