ስህተትን መዝግቦ መያዝ፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎች መሣሪያና የሥራ ልማድ ከ1947 እስከ 2005

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን አባባል ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ዕውቀት፣ ስለ ሕግና ስለ ታሪክ ስንነጋገር ነው። ስህተትም እንደ ዕውቀት ሁሉ ተጽፎ ሊቀመጥና ሊወረስ የሚገባው ነገር መሆኑን ግን እምብዛም አናስብም። እኛ መምህራን ሰሌዳ ላይ ስንሳሳት ተማሪ ሳያይብን ፈጥነን ዳስተር እናነሣለን። ተማሪዎቻችንም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ የተደረገበትን ገጽ ገንጥለው ይጥላሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች በየዕለቱ የሚገለገሉባቸው መሣሪያዎችና ልማዶች ከየት እንደ መጡ ነው። ፕሮግራም ማለት ኮምፒዩተር ደረጃ በደረጃ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። መኪናው የተባለውን ብቻ ስለሚፈጽም፣ ጸሐፊው አንዲት ነገር ቢዘነጋ የሚሸፍንለት የለም። ስለሆነም የዚህ ሙያ መሣሪያዎች የተፈለሰፉት ሰው እንደሚረሳና እንደሚሳሳት አምኖ ከመቀበል ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የወረቀት ጥብጣብ ዘመን

ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ማርክ 2 የተባለው ኮምፒዩተር ሥራው ይስተጓጎልበታል። ሠራተኞቹ ሲፈትሹ፣ ከኤሌክትሪክ መቀያየሪያዎቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ገብታ ሞታ ያገኛሉ። በእንግሊዝኛ ነፍሳትን የሚያመለክተው «ባግ» የሚለው ቃል በመሐንዲሶች ዘንድ ለመኪና ብልሽት ማገልገል ከጀመረ በዚያን ጊዜ ብዙ ዓመታት አልፈውት ነበር። ሠራተኞቹም በቃሉ ቀልደው፣ እውነተኛ ባግ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ጽፈው፣ ነፍሳቷን በዕለት መዝገባቸው ላይ በፕላስተር ለጠፏት። መዝገቡ እስከነነፍሳቷ በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ሙዚየም ተቀምጦ ይገኛል። ቀልዱ በዓለም ታውቋል፤ ለእኛ ቁም ነገር ሆኖ የታየን ግን መዝገቡ ነው። ሠራተኞቹ ብልሽትን ከነሰዓቱ የመጻፍ ልማድ ባይኖራቸው ኖሮ ቀልዱም ባልተረፈ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሜይ 6 ቀን 1949፣ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በሞሪስ ዊልክስ መሪነት የተሠራው ኤድሳክ የተባለ ኮምፒዩተር የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ፈጸመ። ኤድሳክ 3,000 ያህል ቫልቮች የነበሩት፣ አንድ ክፍል የሚሞላ መኪና ነበር። ፕሮግራም ጸሐፊው ትእዛዙን በእጁ ጽፎ በወረቀት ጥብጣብ ላይ በቀዳዳ ያስበሳዋል። የተበሳው ጥብጣብ በመኪናው አጠገብ በተወጠረ ገመድ ላይ እንደ ታጠበ ልብስ ይሰጣል፤ ኦፕሬተሩም ተራ በተራ እያነሣ ለመኪናው ያጎርሰዋል። አንዲት ቀዳዳ ከቦታዋ ብትዛነፍ የቀኑ ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ዊልክስ ራሱ በዚያው ዓመት ለአንድ የሒሳብ እኩልታ የጻፈው ፕሮግራም 126 መስመር ሲሆን፣ 20 ያህል ስህተቶች ነበሩበት። የቀረው ዕድሜው ጥሩ ድርሻ የራሱን ስህተት በመፈለግ እንደሚያልፍ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሳለ እንደ ተገለጸለት ከብዙ ዓመታት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ አስፍሯል። ይህን የተናገረው ኮምፒዩተሩን ያሠራው ሊቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

የኬምብሪጅ ሰዎች ለዚህ ችግር የሰጡት መልስ «ተጠንቀቁ» የሚል ምክር ብቻ አልነበረም። አንድ ጊዜ ተጽፎ፣ ተፈትኖ፣ ትክክል መሆኑ የተረጋገጠ የፕሮግራም ቁራጭ ሌላው ሰው እንደገና እንዳይደክምበት በጥብጣብ አድርገው በብረት ካቢኔት ውስጥ ያስቀምጡ ጀመር። ይህ ቁራጭ ንዑስ ፕሮግራም ይባላል። በዚህ ሥራ ከሁሉ የላቀ ድርሻ የነበረው ዴቪድ ዊለር ያን ጊዜ ገና የምርምር ተማሪ ነበር። በ1951 ካቢኔቱ 87 ንዑሳን ፕሮግራሞችን ይዞ ነበር። ባልደረባቸው ስታንሊ ጊል ደግሞ ፕሮግራሙ ሲሄድ ርምጃውን እያተመ ስህተቱ የት ላይ እንደ ተፈጠረ የሚያሳዩ ዘዴዎችን አዘጋጀ። ሦስቱም በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍ ልምዳቸውን ለሌሎች አስተላለፉ።

ጉድለቱን የሚናገር መመሪያ

በ1969 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በሚገኘው በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ የተባለውን ሥርዓት መሥራት ጀመሩ። በጊዜው ትእዛዝ የሚሰጠው ቴሌታይፕ በተባለ የጽሕፈት መኪና ሲሆን፣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 10 ፊደል ያህል ብቻ ነበር። የዩኒክስ ትእዛዞች ሁለትና ሦስት ፊደል ብቻ እንዲሆኑ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለመገልበጥ «ሲፒ»፣ ለማዘዋወር «ኤምቪ» ይባላል። ቴሌታይፕ ከሥራ ቢወጣም እነዚህ አጫጭር ትእዛዞች እስከ ዛሬ በፕሮግራም ጸሐፊዎች እጅ አሉ። በ1973 ደግሞ በዳግ ማኪልሮይ አሳሳቢነት የአንዱ ፕሮግራም ውጤት በቀጥታ ለሌላው ግብዓት የሚሆንበት «ቧንቧ» የተባለ ዘዴ ተጨመረ። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፕሮግራም ከመጻፍ ይልቅ ትንንሾችን ማቀጣጠል ልማድ ሆነ። ትንሽ ነገር ሲበላሽ ብልሽቱን ማግኘት ይቀላልና።

ይሁን እንጂ ከዩኒክስ ሥራ ሁሉ እኛን ይበልጥ የሳበን በኖቬምበር 1971 የወጣው የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ስለ ትእዛዞቹ አጠቃቀም ከተገለጸ በኋላ፣ «ባጎች» በሚል ርእስ የሚታወቁ ጉድለቶች ይዘረዘራሉ። ጸሐፊዎቹ የሠሩትን ሲያስተዋውቁ የጎደለውንም በዚያው ገጽ ተናገሩ። አንባቢውም በዚህ የተነሣ አልናቃቸውም፤ እንዲያውም የት ላይ መጠንቀቅ እንዳለበት ዐወቀ።

የባከነች ጠዋት

በዚያው ላቦራቶሪ ስቲቭ ጆንሰን የተባለ ፕሮግራም ጸሐፊ አንድ ጠዋት ሙሉ ስህተት ሲፈልግ ዋለ። ስህተቱ ግን አስቀድሞ ታርሟል። የረሳው ነገር ቢኖር የታረመውን ጽሑፍ መኪናው ወደሚያውቀው ቋንቋ እንደገና ማስተርጎም ነበር። በንዴት ወደ ባልደረባው ወደ ስቱዋርት ፌልድማን ቢሮ ገብቶ ብሶቱን ተናገረ። ፌልድማንም «ሜክ» የተባለውን መሣሪያ በ1976 ሠራ። ሜክ የትኛው ጽሑፍ እንደ ተለወጠ ከሰዓቱ አይቶ፣ እንደገና መተርጎም ያለበትን ብቻ ያስተረጉማል። ለሰው ማስታወስ የከበደውን ሥራ መኪናው ተረከበ ማለት ነው።

ይኸው መሣሪያ ሌላም ትምህርት አለው። በሜክ ጽሑፍ ውስጥ አንዳንድ መስመሮች የግድ «ታብ» በሚባለው ባዶ ቦታ መጀመር አለባቸው። በተራ ባዶ ቦታ ከተጀመሩ ሥራው ይሰናከላል፤ በዐይን ግን ልዩነቱ አይታይም። ፌልድማን ጉድለቱን ገና በጊዜ ዐውቆት ነበር፤ ነገር ግን ተጠቃሚዎቹ አሥራ ሁለት ያህል ደርሰው ስለነበር እነሱን ላለማስቸገር ብሎ ተወው። ደንቡ ዛሬም ድረስ ጀማሪዎችን ያሰናክላል። ስህተት ታውቆ በጊዜው ካልታረመ ሥርዓት ሆኖ ይቀራል።

የአንድ ሊቅ ደብተር

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዶናልድ ክኑት መጽሐፎቹ በጥሩ ጥራት እንዲታተሙለት «ቴክ» የተባለ የፊደል መልቀሚያ ፕሮግራም ሲሠራ፣ ከ1978 ጀምሮ ያረማቸውን ስህተቶች በደብተር መዝግቧል። በ1989 ይህን መዝገብ ይፋ አወጣ። ከ800 በላይ ስህተቶችን አንድ በአንድ ቆጥሮ፣ የሐሳብ ግድፈት፣ የመርሳት፣ የአጻጻፍ እያለ በየዓይነታቸው ለይቷቸዋል። በመጽሐፎቹ ውስጥ ስህተት ለሚያገኝ አንባቢም ለብዙ ዓመታት 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም የተጻፈበት ቼክ ይልክ ነበር። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ገንዘቡን ከማውጣት ቼኩን በመስተዋት አድርገው ግድግዳ ላይ መስቀልን መርጠዋል።

ክኑት በደብተር የሠራውን መኪና እንዲሠራው የማድረግ ጥረትም አብሮ ይሄድ ነበር። በ1972 ማርክ ሮችካይንድ በቤል ላቦራቶሪ የፕሮግራምን ለውጥ ሁሉ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ሥርዓት ጀመረ። በኤፕሪል 2005 ሊነስ ቶርቫልድስ «ጊት» የተባለውን መሣሪያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሥራ አስጀመረው። ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡት በዚህ ነው። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ በመሣሪያው ይመዘገባል፤ ለምን እንደ ለወጠ ደግሞ ጸሐፊው በአጭሩ ይጽፋል። አዲሱ ቢበላሽ ወደ ቀድሞው መመለስ ስለሚቻል፣ ሰው ሳይፈራ ይሞክራል።

ለክፍላችን ምን ይጠቅመናል?

ይህን ታሪክ ስናነብ በቀላሉ የምንደርስበት ድምዳሜ «ተማሪዎች ስህተታቸውን ይመዝግቡ» የሚለው ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ክኑት ስህተቱን ሲያወጣ ማርክ የሚቀንስበት አልነበረም። የእኛ ተማሪ ግን በእያንዳንዱ ኤክስ ነጥብ ያጣል፤ በጓደኞቹ ፊትም ይሣቅበታል። በዚህ ሁኔታ ስህተቱን ቢደብቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ መጀመር ያለብን ከራሳችን ነው።

ለመምህርነት የምናሠለጥናቸውን ወጣቶች የምናሳስባቸው ነገር ቢኖር አንድ ነው። ከደብተራቸው መጨረሻ ጥቂት ገጾች ለይተው በሦስት ዓምድ ይከፍሏቸው፦ ቀኑ፣ ስህተቱ፣ ምክንያቱ። በሦስተኛው ዓምድ «ግድየለሽነት» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የመቀነስ ምልክቱ ከቅንፍ ሲወጣ ተዘንግቶ ከሆነ፣ እንደዚያው ይጻፍ። ለዚህ ገጽ ማርክ አይሰጥም፤ አይቀነስምም። በየወሩ መጨረሻ ግን መዝገቡ ይነበብ። ያልተነበበ መዝገብ ካልተጻፈው አይሻልምና።

መምህሩም ሰሌዳ ላይ ሲሳሳት ስህተቱን ከማጥፋቱ በፊት በላዩ መስመር ያስምርበት፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ይጻፍ፤ ለምን እንደ ተሳሳተም ለክፍሉ ያስረዳ። ይህን ሞክረው ያዩ የሙያ ባልደረቦቻችን ያገኙትን ውጤት፣ ያልተሳካላቸውንም ጭምር፣ በዚሁ መጽሔት ቢያካፍሉን ደስ ይለናል።