የጉዲት ታሪክና የጎደለ ተረክ አነባበብ

አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም የአክሱምን ዘመን ቅርሶች ያየ ሰው፣ ያ ሥልጣኔ እንዴት ጠፋ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። አፈ ታሪኩ መልስ አለው፤ ዮዲት ጉዲት አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለች፣ ነገሥታቱን ፈጀች ይላል። ይሁንና የአክሱም ሳንቲም መመታት ያቆመው በ7ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ሲሆን፣ ንግሥቲቱ የምትታወቀው በ10ኛው ነው።

የጽሑፍ ማስረጃውም ጥቂት ነው። ዐረባዊው ኢብን ሐውቀል ንጉሡን ገድላ ሐበሻን ስለምትገዛ ሴት ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ደግሞ የሐበሻ ንጉሥ ለኖባው ንጉሥ ጊዮርጊስ የላከውን አቤቱታ ይጠቅሳል፤ በዚያ ንግሥቲቱ «የበኒ አል-ሐምዊያ» ተብላለች። ኮንቲ ሮሲኒ ቃሉን «ዳሞት» ብሎ ለማረም ሞክሯል። አይሁዳዊት ናት የሚለው ግን የትውፊት ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ብለድቦርን» የተባለው የጃፓን አስፈሪ የቪዲዮ ጨዋታም ታሪኩን በግልጽ አይተርክም፤ ተጫዋቹ ከየዕቃው አጭር መግለጫ ይገጣጥመዋል። ልዩነቱ፣ በጨዋታው ክፍተቱን ሆን ብሎ የተወ ደራሲ መኖሩ ነው። በታሪክ ግን ክፍተቱን የምንሞላው እኛ ነን፤ የምንሞላበትም ነገር የአንድ ሕዝብ ስም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የአንድምታ መምህራን «አንድም» እያሉ ትርጓሜዎችን ጎን ለጎን እንደሚያኖሩ ሁሉ፣ እኛም እያንዳንዱን ንባብ ከነምንጩ ማኖር ይገባናል እላለሁ።