የ15 በመቶው ኬሚስት

በ1968 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ በሞንሳንቶ ኩባንያ ላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት ለፋብሪካ ሰው የሚያኮራ አልነበረም። ዊልያም ኖውልስና ባልደረባቸው ጄሪ ሳባኪ አንድን ውህድ ከሃይድሮጂን ጋር ሲያዋህዱ፣ ከምርቱ ሁለት መንታ ቅርጾች አንደኛው በ15 በመቶ በልጦ ተገኘ። ከመቶ ሞለኪውል 57 ወይም 58ቱ ወደ አንድ ወገን አጋደሉ፤ የቀሩት ከተቃራኒው ወገን ሆኑ። በዚህ ልክ መድኃኒት ተሠርቶ አይሸጥም። ከ33 ዓመት በኋላ ለኖውልስ የተሰጠው የኖቤል ሽልማት ሥሩ ግን ይኸው ሙከራ ነው።

መንታ ያልናቸው እንደ ቀኝና ግራ እጅ ናቸው። አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው፤ የቀኙን ጓንት ግን ለግራው ማጥለቅ አይቻልም። ካርቮን የሚባለው ውህድ በአንዱ ቅርጹ ናና ናና ይሸታል፤ በሌላው ካራዌይ የተባለውን ቅመም ጠረን ይይዛል። አፍንጫ ይለያቸዋል፤ ተራው የላቦራቶሪ አሠራር ግን ሁለቱንም እኩል በእኩል ያወጣል። ሉዊ ፓስተር በ1848 መንታ ክሪስታሎችን እያጎላ እያየ በእጁ ለቅሞ ለያቸው። ከዚያ ወዲህም ንጹሕ ወገን የፈለገ ኬሚስት አንድም ከተፈጥሮ መውሰድ፣ አንድም ሁለቱን ሠርቶ ማበጠር ነበረበት። ግማሹ ድካም ለማይፈለገው መንታ ይውላል ማለት ነው።

ኖውልስ ፕሮፌሰር አልነበሩም። በ1917 በማሳቹሴትስ ግዛት ተወልደው፣ ከሃርቫርድ ተመርቀው፣ በ1942 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሲይዙ በዚያው ዓመት ሞንሳንቶ ገቡ። ጡረታ እስከወጡበት 1986 ድረስም ከዚያ አልተነቃነቁም።

ሐሳባቸው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። በ1960ዎቹ አጋማሽ እንግሊዛዊው ጄፍሪ ዊልኪንሰን ፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟ የሮዲየም ካታሊስት ሠርተው ነበር። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥን ነው፤ የዊልኪንሰኑም ሃይድሮጂንን ወደ ሌላ ውህድ ያስገባል። በሮዲየሙ ዙሪያ ፎስፊን የተባሉ የፎስፈረስ ውህዶች ተጣብቀዋል። ሌሎች ኬሚስቶች ደግሞ ቀኝና ግራ ያላቸውን ፎስፊኖች ለይተው የሚሠሩበትን መንገድ አግኝተዋል። ኖውልስ ሁለቱን አገናኙ፤ ተራውን ፎስፊን አውጥተው ባለ ወገኑን ተኩ። ያ የመጀመሪያው ፎስፊን ራሱ ንጽሕናው 69 በመቶ ብቻ ነበርና፣ 15 በመቶ መገኘቱም ቀላል አይደለም። በጀርመንም ሊዮፖልድ ሆርነር በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ።

ዕድልም አግዛለች። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ በከፍተኛ መጠን የተሰጠ ዶፓ የፓርኪንሰን ሕሙማንን እንደሚረዳ አሳይተው ነበር። መጀመሪያ የሰጡት የሁለቱን መንታ ድብልቅ ነው፤ ቆይቶ ግን የሚፈለገው ኤል-ዶፓ የተባለው ወገን ብቻ መሆኑ ታወቀ። የመድኃኒቱ ፍላጎት በአንዴ ናረ። ሞንሳንቶ ደግሞ ከቫኒላ ማጣፈጫው ከቫኒሊን ተነሥቶ የኤል-ዶፓን መነሻ ውህድ ለሆፍማን ላ ሮሽ ያቀርብ ነበር፤ መንታዎቹን የመለየቱ ጣጣ የገዢው ነው። እነ ኖውልስ ሊሠሩት የሚገባው ሞለኪውል ደጃቸው ላይ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የሆነው የፎስፊን ልኬት ነው፤ ሠርቶ መሞከር፣ አሻሽሎ እንደገና መሞከር። ካምፕ የተባለው ፎስፊን ብልጫውን ወደ 88 በመቶ አደረሰው። በፈረንሳይ አንሪ ካጋን ሁለት ፎስፈረስ የያዘ ፎስፊን በ1971 አስተዋውቀው ነበር፤ ኖውልስም የራሳቸውን ፎስፊን በጥንድ አጣምረው ዲፓምፕን ሠሩ። ብልጫው 95 በመቶ ሆነ፤ ከመቶው 97 ወይም 98ቱ በሚፈለገው ወገን ማለት ነው። የተረፈውን በክሪስታል ማጥራት ይቻላል። ኤል-ዶፓም ከ1974 ጀምሮ በዚህ ዘዴ በፋብሪካ ተመረተ።

ሽልማቱ በ2001 ሲመጣ ኖውልስ 84 ዓመታቸው፣ ጡረታ ከወጡም 15 ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አርቪድ ካርልሰን በዶፓሚን ምርምራቸው የሕክምናውን ኖቤል ተካፍለዋል፤ ኤል-ዶፓ በአንጎል ውስጥ የሚለወጠው ወደዚሁ ዶፓሚን ነው። ካጋን ከተሸላሚዎቹ መካከል ቢኖሩ ማንንም ባላስገረመ ነበር፤ አልነበሩም። የገንዘቡ ግማሽ በሌላ ዓይነት ለውጥ፣ ኦክስጅንን ወገን አስለይተው በማስገባት ለታወቁት ለባሪ ሻርፕለስ ሆነ። የቀረውን ግማሽ የሃይድሮጂኑን መንገድ በጃፓን ያሰፉት ርዮጂ ኖዮሪና ጡረተኛው የፋብሪካ ኬሚስት እኩል ተካፈሉት።