ካርቱምን ያስከፈተው የውኃ ጉድለት

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ጎህ ሳይቀድ የማህዲው የመሐመድ አሕመድ ጦር ለወራት ከቦ ያስራባትን ካርቱምን ሰብሮ ገባ። ከተማይቱን ሲከላከል የቆየው እንግሊዛዊው ጀኔራል ቻርለስ ጎርደን በዚያው ጠዋት ተገደለ። ሊደርሱለት የመጡት የእንፋሎት መርከቦች ካርቱም አጠገብ ብቅ ያሉት ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ስለ ለንደን መንግሥት ማመንታትና ስለ ረዳቱ ጦር መዘግየት ብዙ ተጽፏል። ውኃው በዚያ ቀን ስለ ነበረው ድርሻ ግን እምብዛም አይነገርም።

ካርቱምን በሰሜን ጥቁር ዓባይ፣ በምዕራብ ነጭ ዓባይ ያዋስናታል። ሁለቱ ሙግራን በተባለው ስፍራ ይገናኛሉ። ለጠላት የተገለጠው የደቡቡ ሜዳ ስለ ነበር፣ ከአንዱ ወንዝ እስከ ሌላው የሚደርስ ጉድባና የአፈር ግንብ ተሠራለት። በ1884 ክረምት ነጭ ዓባይ ሞልቶ የግንቡን ምዕራባዊ ጫፍ ጠረገው። ሙላቱ እስካለ ድረስ ጥልቁ ውኃ ራሱ አጥር ነበር። በጥር ወር ውኃው ሲሸሽ ግን ጭቃማው ዳርቻ ተገለጠ፤ ብዙ የማህዲው ተዋጊዎችም በዚያ ክፍተት ገቡ።

ነጭ ዓባይ ለምን ጎደለ? ምክንያቱ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጥቁር ዓባይ ከጣና ተነሥቶ ካርቱም እስኪደርስ ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። የመሬት ስበት በዚህ ሁሉ ተዳፋት ስለሚስበው ክረምት ላይ ደለሉን ተሸክሞ በብርቱ ይጋልባል። ነጭ ዓባይ በአንጻሩ ከማላካል ከተማ ወዲህ የሚፈስሰው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው፤ ተዳፋቱ እጅግ ጥቂት ነው። ውኃ ደግሞ የሚፈስሰው ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ነው። ነሐሴ ላይ ጥቁር ዓባይ ሙግራን ላይ ብዙ ሜትር ከፍ ሲል፣ ነጭ ዓባይ ከዚያ ከፍታ በላይ እስኪደርስ ድረስ እንደ ልቡ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ወደ ኋላ እየተኛ ረጅም ሐይቅ ይሆናል። የኢትዮጵያ ዝናብ ሲያባራ ጥቁር ዓባይ ይወርዳል፤ የታገደው ነጭ ዓባይም ተለቅቆ ይጎድላል። ጎርደንን ከምዕራብ የጠበቀውን ውኃ ደግፎ ያቆመው የጥቁር ዓባይ ሙላት ነበር ማለት ነው። ድጋፉ ሲነሣ አጥሩም ተነሣ።

የካርቱም መውደቅ መዘዝ ለእኛም ተረፈ። ማህዲስቶች በ1888 ጎንደርን አቃጠሉ፤ በ1889 ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ።

ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው የሚፈስሰውን የውኃ ጠባይ መሐንዲሶች ኋላ ሥራ ላይ አዋሉት። በ1925 የተጠናቀቀው የሰናር ግድብ የጥቁር ዓባይን ከፍታ አነሣ፤ ውኃውም ያለ ፓምፕ በራሱ ክብደት በቦይ ወርዶ የጀዚራን የጥጥ ማሳ አጠጣ። በ1937 ከካርቱም በስተደቡብ የተሠራው የጀበል አውሊያ ግድብም ጥቁር ዓባይ በየክረምቱ የሚያደርገውን ደገመ። ነጭ ዓባይን አግዶ ያቆየና፣ ሙላቱ ካለፈ በኋላ ለግብፅ ይለቅ ነበር።

የነዚህ ግድቦች ግንብ ከታች የሚሰፋው በአንድ ቀላል ሕግ ነው። የውኃ ግፊት የሚወሰነው በእፍግታው፣ በመሬት ስበትና በጥልቀቱ ነው፤ የሐይቁ ስፋት አይጨምርለትም፣ አይቀንስለትም። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ውኃው ብቻውን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ቶን ያህል ያሳርፋል፤ በ100 ሜትር ደግሞ 100 ቶን። ለትንሹም ግድብ፣ 145 ሜትር ለሚቆመው ለህዳሴ ግድባችንም ሕጉ አንድ ነው።

ካርቱም ግን ከውኃው ጋር ያላት ጉዳይ አላበቃም። በ1946 እና በ1988 ጎርፍ አጥለቀለቃት። በ2020 የጥቁር ዓባይ መለኪያ ከ17.5 ሜትር አልፎ፣ ሱዳን የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አወጀች። በ1884 ከተማይቱን ያጠረ ሙላት፣ በሌላ ዘመን ቤቷን አፈረሰ።

ልጆቻችን ግፊትንና ስበትን የሚማሩት አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ቀመር ነው። የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ዓባይን ወደ ክፍል አስገቡት። ከጣና እስከ ሙግራን ያለውን ተዳፋት በሰሌዳ ላይ ሣሉት፤ ጥያቄውንም ከእሱ አውጡ። የታሪክ መምህራንም የዘመቻ ካርታ ስትዘረጉ የወንዙን ወቅት አብራችሁ ጠይቁ። የሁለት ሕዝቦችን ዕጣ ደጋግሞ የቀየረ ወንዝ በአግባቡ ሊጠና ይገባዋል።